ስለ መንገደኛ ክብርና ስለ መንገድ ዋጋ



በአዲስ አበባ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ከሩዋንዳ መንግሥት ኤምባሲ የተነሣ ሩዋንዳ እየተባለ በሚጠራው የቦሌ ሰፈር የሚቀመጥ ሰው፣ ወደደም ጠላም የመንገደኛ ጎረቤት ነው። አይሮፕላኑ ከምድር ሲነሣ ድምፁ የቤታችንን መስኮት ያንቀጠቅጣል፤ ሌሊት ሻንጣ የሚጎትት፣ ማለዳ ተቃቅፎ የሚያለቅስ፣ ቀትር ላይ ደግሞ አበባ ይዞ እንግዳ ሊቀበል የሚሮጥ ሰው ከደጃችን አይታጣም። ስለዚህ በቤታችን በማዕድ ጊዜ ከሚነሣው ጨዋታ ብዙው የመንገድ ጨዋታ ነው። የሚያስገርመን ነገር ግን፣ ተጓዡ ተመልሶ ሲያወራ ካየው አገርና ከጎበኘው ሕንፃ ይልቅ አስቀድሞ የሚነግረን በመንገድ የከፈለውን ገንዘብና በመንገድ የሰማውን ቃል መሆኑ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን የባሕር መንገደኛ ነው። በአሜሪካ አገር የምትኖር የአክስታችን ልጅ ከባለቤቷ ጋራ የጋብቻቸውን ሃያ አምስተኛ ዓመት ለማክበር በአንድ ታላቅ የመዝናኛ መርከብ ተሳፍረው ሰባት ቀን በባሕር ላይ ሰንብተው ነበር። ባለፈው የጥምቀት በዓል ዘመድ ልትጠይቅ በመጣች ጊዜ ይህን ተረከችልን። መሳፈሪያው ርካሽ ነበር። ወደ መርከቡ ሲገቡ ገንዘባቸውን በኪሳቸው እንዲያኖሩ ተነገራቸውና በምትኩ እንደ መታወቂያ ወረቀት ያለች አንዲት ካርድ ተሰጠቻቸው። ቡና ሲጠጡ ካርዷን፣ በመኝታ ክፍላቸው የጠርሙስ ውሃ ሲከፍቱ ካርዷን፣ ለልጆቻቸው በኢንተርኔት ድምፃቸውን ለማሰማት ሲሹ ካርዷን ያሳያሉ። ማንም ዋጋ አይነግራቸውም፤ ማንም ሒሳብ አይጠይቃቸውም፤ ነገሩ ሁሉ ሠርግ ቤት ይመስል ነበር። በመጨረሻዪቱ ሌሊት ግን ሒሳቡ በበሩ ሥር ገባ። በየቀኑ በየነፍስ ወከፉ ለአገልጋዮች ተብሎ የተቆረጠው ገንዘብ ሳይቀር ተደምሮ የመሳፈሪያውን እኩሌታ አልፎ ተገኘ።

ወደ ሒሳብ ክፍሉ ወርዳ ብትጠይቅ፣ በዚያ የተቀመጠው ወጣት ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት ሲሳፈሩ ፈርመዋል ብሎ መለሰላት። «መፈረሜንስ ፈርሜአለሁ» አለችን፤ «ገንዘቡም ቢሆን አላደኸየንም። ነገር ግን ከባሕር መካከል ሆኜ ውሃው ተወደደብኝ ብዬ ወደ ሌላ ሱቅ እሄድ ኖሯል? መሄጃ እንደሌለኝ ዐውቆ እንደዚያ እንደመለሰልኝ ገባኝ፤ ያቃጠለኝም ይኸው ነው።»

ይህች «መሄጃ የለሽም» የምትል ነገር የጉዳዩ ሁሉ ሥር ትመስለናለች። በመርካቶ ገበያ ገዥ የሚከበረው ትቶ ለመሄድ ስለሚችል ነው። ሻጩ «ና ተመለስ፣ ልቀንስልህ» እያለ የሚጣራው የገዥውን ጀርባ ባየ ጊዜ ነው። መንገደኛ ግን ጀርባውን ማሳየት የማይችል ገዥ ነው። ስለዚህም በመርከብም ሆነ በአይሮፕላን፣ ወይም በር በተዘጋበት የመጠበቂያ አዳራሽ፣ የሻጭ ጠባይ ምን እንደሆነ ያለ ሽፋን ይታያል፤ ገዥው እንዳይሄድበት ብሎ ሳይሆን ከራሱ ጨዋነት የተነሣ ብቻ መልካም የሚሆንበት ስፍራ ነውና።

የቀድሞው የምድር ባቡር መንገደኛ ከዚህ በጥቂቱ ይሻል ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ባቡሩ በቀን ብቻ ይሄድ በነበረበት ዘመን መንገደኛው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን በአዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይገባ ነበር። በአዋሽ ጣቢያ ያለው ሆቴል ለባለ አንደኛ ማዕረግ መንገደኛ እንጂ ለሁሉም ኪስ የሚሆን አልነበረም። ነገር ግን አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንደሚያወሩልን፣ በየጣቢያው ባቡሩ ሲቆም በመስኮቱ ሥር ሃያና ሠላሳ ሴቶች ብርቱካንና ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ወተት ይዘው ይሰለፉ ነበር። አንዲቱ ብታስወድድ ሁለተኛዪቱ ትቀንሳለች፤ ባቡሩ ሲያፏጭማ ዋጋው ራሱ ይሮጥ ነበር ይሉ ነበር። እንግዲህ ያ መንገደኛ ከወንበሩ ሳይነሣ ትቶ መሄድ ይችል ነበር ማለት ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር እጅግ ፈጣንና ንጹሕ ነው፤ ሆኖም ጣቢያዎቹ ከከተሞቹ ራቅ ብለው ስለ ተሠሩ ያ የመስኮት ገበያ ከአሮጌው ባቡር ጋራ ቀርቷል።

ወደ ሰማዩ መንገድ እንመለስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በመጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ አደረገ። በዚያ ጊዜ አይሮፕላኖቹ የሚያርፉት በልደታ ሜዳ ነበር፤ ትልልቆቹ የጄት አይሮፕላኖች በመጡ ጊዜ ሜዳው ስለማይበቃ ነገሩ ወደ ቦሌ ተዛወረ። ያን ጊዜ በአይሮፕላን የሚሄደው መኳንንትና ነጋዴ፣ መልእክተኛና ወደ ውጭ አገር የሚላክ ተማሪ ነበር። ዛሬ ግን፣ በጥር ወር 2011 ዓ.ም. የተስፋፋው የቦሌ አዳራሽ በዓመት እስከ 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ተደርጎ ተሠርቷል። ከመንገደኛው መካከል ከገጠር መጥታ፣ ከዚያ ቀን በፊት አይሮፕላን ቀርቶ ሊፍት እንኳ ረግጣ የማታውቅ፣ ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሥራ የምትሄድ ልጅ ብዙ ናት። ሹማምንት አንባቢዎቻችን በልዩ ክፍል ዐርፈው ስለሚሳፈሩ ይህችን ልጅ ላያዩዋት ይችላሉ፤ እኛ ግን ሌሊት በሩዋንዳ መንገድ ሻንጣዋን እየጎተተች ስታልፍ እናያታለን።

በመጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ ውሃና ዳቦ ስለ ምን እንደሚወደድ መናገር ለፍርድ ያስፈልጋል፤ ሻጩን ሁሉ ቀማኛ ማድረግ አግባብ አይደለምና። የስፍራው ኪራይ ከባድ ነው፤ ዕቃውም ሠራተኛውም ሳይፈተሽ አይገባም፤ ሱቁ ሌሊትም አይዘጋም። ደግሞም በነሐሴ ወር 1998 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አይሮፕላኖችን በፈሳሽ ፈንጂ ለማጥፋት የተመከረ ሤራ ከተገለጠ ወዲህ፣ ከ100 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ፈሳሽ በእጅ ይዞ መግባት በብዙ አገር ተከልክሏል። እነሆ፣ መንገደኛው ከቤቱ የያዘውን ውሃ በፍተሻው በር ጥሎ ያልፍና ከበሩ ወዲያ በብዙ እጥፍ መልሶ ይገዛዋል። ክልከላው ለነፍሱ ጥበቃ ነው፤ ጥማቱን ግን ለሻጭ አሳልፎ ሰጥቶታል። ይህን ክፉ ነገር ለመግታት የሞከሩ ከተሞች አሉ። በአሜሪካ አገር የፖርትላንድ ከተማ አይሮፕላን ማረፊያ ነጋዴዎች ከከተማው ዋጋ በላይ እንዳይሸጡ ለብዙ ዓመታት ግዴታ ነበረባቸው። በኒው ዮርክም በ2013 ዓ.ም. አንድ መንገደኛ ለአንድ ብርጭቆ ቢራ ከ27 ዶላር በላይ መጠየቁ ተሰምቶ ብዙ ሰው ስለ ተቆጣ፣ ማረፊያዎቹን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ምርመራ አድርጎ፣ በ2014 ዓ.ም. ዋጋው ከከተማው ዋጋ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይበልጥ ደንብ አወጣ። ስለ ቢራ ሲሆን ሰው ይሰማል ብለን ፈገግ ማለታችን አልቀረም።

ይሁን እንጂ፣ እኛ በቤታችን ካየነው ነገር የተነሣ፣ የመንገደኛ ኀዘን ከዋጋው ብቻ የመጣ አይመስለንም። ሁለት ሰዎችን እናነጻጽር።

አሁን ሦስት ዓመት ይሆናል፣ እናታችን የልጅ ልጃቸውን ሊስሙ ወደ አሜሪካ አገር ሄዱ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። ሻንጣቸው በሚዛን ላይ በወጣ ጊዜ ከተፈቀደው 23 ኪሎ ስድስት ኪሎ አልፎ ተገኘ፤ ሽሮው፣ በርበሬው፣ በሶው፣ ድርቆሹ፣ ደግሞም ማንም ያላዘዛቸው የሸክላ ጀበና ነበረበት። በመስኮቱ የነበረችው ወጣት «እማማ፣ ስድስት ኪሎ ይተርፋል። ልክፈል ካሉ ዋጋው ይህን ያህል ነው፤ ከከበደዎ ለልጆችዎ ደውዬ ትርፉን መጥተው ይውሰዱ። አይቸኩሉ፣ ጊዜ አለ» አለቻቸው። እናታችን ከፈሉ፤ ብዙ ገንዘብ ነበር። ልጅቱንም መርቀው ሄዱ። እስከ ዛሬ ድረስ የልጅቱን ፊት ያስታውሳሉ፤ ስንት እንደከፈሉ ስንጠይቃቸው ግን ረስተውታል።

ሁለተኛዋ የታላቅ እኅታችን ልጅ ናት። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ስትሆን አምና ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ሄደች። የትርፍ ዕቃዋ አራት ኪሎ ብቻ ነበር። ሸኚ ወደ ውስጥ ስለማይገባ የሆነውን ሁሉ የሰማነው ከእርሷው አፍ በስልክ ነው። የአየር መንገዱን ስም አንጽፍም፤ በመስኮቱ የነበረው ሠራተኛ «አንቺ! ክፈቺውና አውጪ፣ ወይም ክፈዪ» አላት። ስንት ነው ብላ ብትጠይቅ «እዚያ ሄደሽ ጠይቂ» ብሎ በአገጩ አመለከታት። በሕዝብ ፊት ተንበርክካ ሻንጣዋን ፈታች፤ የበርበሬው ከረጢት ተቀዶ ሰልፈኛው ሁሉ ያስነጥስ ጀመር። ከእርሷ ኋላ ከረቫት ያሰረ ሰው ቆሞ ነበርና ያው ሠራተኛ ቀና ብሎ «ጌታዬ፣ እንዴት አመሹ? ሻንጣዎን ልርዳዎ» ሲል ሰማችው። አንድ ሰው፣ በአንድ ደቂቃ፣ በአንድ አፍ። ልጅቱ ግማሹን በርበሬ እዚያው ትታ፣ የቀረውን በኩርታ ፌስታል አንጠልጥላ ገባች። በኋላ አይሮፕላን በምትለውጥበት በውጭ አገር አዳራሽ ውሃ በሰፈራችን ከሚሸጥበት ብዙ እጥፍ ገዝታ ጠጣች። እኛ ስለ ውሃው ተናደን ብንናገር «ጋሼ፣ ውሃውስ ይወደድ» አለችን፤ «እኔን ያስለቀሰኝ ሰው ፊት…» ብላ ቀሪውን ሳትጨርሰው ስልኩ ተዘጋ።

እናታችን አብልጠው ከፍለው መረቁ፤ ልጅቱ አሳንሳ ከፍላ አለቀሰች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ነገር ነው። ለአንደኛዋ ዋጋው አስቀድሞ ተነገራት፤ ደግሞም መምረጫ ተሰጣት። ለሁለተኛዋ ዋጋው ተሸሸገ፤ ምርጫውም ትእዛዝ ሆነባት። እናታችን የተከበሩት ሽማግሌ ስለ ሆኑ ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ግን ከረቫት ያሰረው ሰው ሽማግሌ አልነበረም።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን እንግሊዝኛ ያስተማረን መምህር ፈረንጅ ነበር። በቋንቋው ለንጉሥም ለአሽከርም አንድ ቃል ስለሚበቃ፣ አማርኛ ሲናገር የትምህርት ቤቱን ሽማግሌ ዘበኛ «አንተ» ይላቸው ነበር። ተማሪው ሁሉ ይሸማቀቅ ነበር፤ ሽማግሌው ግን «ባዕድ ነው፣ አያውቅም» ብለው ይስቁ ነበር። የእኛ ሰው ግን ያውቃል። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሁሉ አንድን ሰው ባናገረ ቁጥር አንቺ ወይም እርስዎ ብሎ ሳይፈርድ አፉን ሊከፍት አይችልም። ስለዚህ በቋንቋችን የሚነገር ዋጋ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ከቁጥሩ ጋራ ሁልጊዜ አብሮ የሚመዘን ሌላ ነገር አለ። ከዚያ በፊትም በቆሎ ተማሪነት ዘመናችን በየደጁ ስንለምን ይህን ተምረነዋል። ከአንዱ ቤት ሙሉ እንጀራ ይወረወርልናል፤ ከሌላው ቤት ቁራሽ በሁለት እጅ «እንካ ልጄ» ተብሎ ይሰጠናል። ማታ ጎጆ ገብተን የምንማከረው ነገ ወደ ሁለተኛው ቤት ስለ መሄድ ነበር።

አሁን በፍርድ ቤት በጽሕፈት ሥራ ላይ ስንኖር ብዙ አቤቱታ በእጃችን ያልፋል። በሻጭና በገዥ፣ በአከራይና በተከራይ መካከል ያለውን ክርክር ስናነብ፣ ከላይ የሚጻፈው ገንዘብ ነው፤ ይህን ያህል ብር፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ እያለ ይወርዳል። ወደ መጨረሻው ገጽ ስንደርስ ግን «ከዚህም በላይ በሰው ፊት አዋርዶኛል» የሚል ቃል እናገኛለን፤ ብዙ ጊዜም ባለጉዳዩ ድምፁ የሚንቀጠቀጠው ይህን ሲያስነብብ ነው። ሕግም ይህን ጨርሶ አልዘነጋውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ስፍራ እንዲያመለክት አዘዘ፤ በዚያው አዋጅ ውስጥ ሸማች በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከማስፈራራትም የመጠበቅ መብት እንዳለው ጻፈ። ዋጋ መስቀልንና ሰው ማክበርን በአንድ አዋጅ ያስቀመጠው ሰው መንገደኛ የነበረ ይመስለናል። በ1991 ዓ.ም. በሞንትሪያል ከተማ የተፈረመው የአየር ጉዞ ስምምነት ግን ስለ ጠፋ ሻንጣ፣ ስለ ዘገየ ጉዞና ስለ ቆሰለ አካል ይናገራል እንጂ ስለ ተዋረደ ሰው የሚናገር አንቀጽ የለውም።

ከመስኮት ኋላ የሚቀመጠውንም ሰው ልንረሳው አይገባም። እኛም በመስኮት ኋላ የምንቀመጥ ስለ ሆነ ድካሙን እናውቃለን። ሌሊቱን ቆሞ የሚያድር፣ ያላወጣውን ደንብ የሚያስፈጽም፣ የዘገየው አይሮፕላን የእርሱ ይመስል ከሰባት ሰው ስድብ የሚቀበል ሰው ነው። የኪሎውን ዋጋ በአማርኛ ጽፎ ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ መስቀል የአለቆቹ ሥራ ነው፤ ያ ቢደረግ ኖሮ ከእርሱም ላይ ብዙ ክርክር በወረደለት ነበር። አንቺ ወይም እርስዎ ማለት ግን የራሱ ነው።

የተዘጋ ቤት ደግሞ በባሕርና በሰማይ ብቻ አይገኝም። በሰፈራችን ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ጋብዘን ነበር፤ በምግብ ዝርዝሩ 100 ብር ተብሎ የተጻፈው፣ 10 በመቶ የአገልግሎት፣ በዚያም ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተደምሮ 126 ብር ከ50 ሳንቲም ሆኖ መጣ። ግብሩ የመንግሥት ስለ ሆነ ቅሬታ የለንም፤ ግን ድምሩን አስቀድሞ መጻፍ ምን ያህል ቀለም ይጨርሳል? በእንግዳ ፊት ዋጋ የሚከራከር ጋባዥ እንደሌለ ደግሞ ባለሆቴሉ ዐውቆታል፤ ይሉኝታም እንደ ባሕር ነው፣ ከመካከሉ ወርዶ መሄድ አይቻልም። ከዚያው ሆቴል ማዶ፣ በመንገዱ ዳር ጀበና ጥዳ ቡና የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች። ዋጋዋን በካርቶን ላይ በከሰል ጽፋ ከረከቦቱ አጠገብ አቁማዋለች። ለምን እንደጻፈችው ብንጠይቃት «ከጠጡ በኋላ መንገር ያሳፍረኛል፣ ጌታዬ» ብላ አንገቷን ደፋች። ወደ አይሮፕላን ማረፊያ የሚመላለሱት የታክሲ ነጂዎች ሁሉ የእርሷ ደንበኞች ናቸው።

የእኅታችን ልጅ በሰኔ ወር ለዕረፍት ትመጣለች ተብሎ ይጠበቃል። እናቷ በእጅ የሚንጠለጠል ትንሽ ሚዛን ገዝታ ከጓዳው በር ላይ ሰቅላዋለች፤ ጎረቤቱም ሁሉ ይዋሰው ጀምሯል፤ ባለፈው ሳምንት በአንድ ምሽት ሦስት ሻንጣ በቤታችን ተመዝኖ ሄዷል። እኛም በበኩላችን ያን ጊዜ ልጅቱን ወዳሳፈረው አየር መንገድ በሥርዓቱ ደብዳቤ ጽፈናል። የጠየቅነው ሁለት ነገር ነው፤ የትርፍ ኪሎ ዋጋ ሰልፉ በሚጀመርበት ስፍራ በአማርኛ እንዲሰቀል፣ ሠራተኞቹም መንገደኛን ሁሉ እርስዎ እንዲሉ። ደብዳቤው በየካቲት ወር ገብቶ ደርሶናል የሚል ማኅተም ተመትቶበታል፤ በሁለት ሳምንት ተመላልሰን ብንጠይቅ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል አሉን። እኅታችን በርበሬውን አስቀድማ ፈጭታ በአምስት አምስት ኪሎ ለያይታ አኑራዋለች።